የተጠገነው መስቀልና የጠጋኙ እጅ

ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በነአኩቶ ለአብ ዋሻ፣ ከአለቱ ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም ጸበል ብለው ይጠጡታል። ካህናቱ ለእንግዳ ጥንታዊ መስቀሎችን አውጥተው ሲያሳዩ፣ እንግዳው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የየትኛው ንጉሥ ስጦታ እንደ ሆነ ነው። ማን ሠራው፣ ማንስ ጠገነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በአገራችን ካሉት አሮጌ የመጾር መስቀሎች መካከል ግን ክንዳቸው ተሰብሮ በምስማር የተያያዘ፣ እጀታቸውም በሌላ ብረት የተተካ ብዙ አሉ። ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱም ቢሆን እንዲሁ ነው። አለት የሚጠርብ መሮ ይዶለድማልና፣ ከእያንዳንዱ ጠራቢ በስተ ጀርባ ወናፍ የሚነፋና መሮውን መልሶ የሚያሾል ቀጥቃጭ መኖሩ የማይቀር ነበር። የእርሱን ስም ግን ማንም አልጻፈውም።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ያረጀውን የሚጠግን ሰው ለእውነት ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? እኛስ ለእርሱ ያለብን?

የመጀመሪያው ዕዳ በዘመናችን መሣሪያ ላይ ይበልጥ ግልጥ ሆኖ ይታያል። ከቤቱ ጓሮ፣ በቆርቆሮ በተከደነች ክፍል ውስጥ፣ በሐራጅ የተገዛ አሮጌ ቶርኖ ለማደስ የተነሣ አንድ ባለሙያ እናስብ። ቶርኖ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ስማቸው የውጭ ይሁን እንጂ ዕድሜያቸውን የሚያራዝመው እጅ የእኛው ነው። ሰውዬው ዝገቱን በናፍጣ አጥቦ ካነሣ በኋላ ይለካል። መቁረጫውን የተሸከመው ክፍል የሚንሸራተትበት ሐዲድ በሁሉም ስፍራ እኩል አልተበላም። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው የሚዞረውን ብረት ከሚነክሰው ራስ አጠገብ ስለ ሆነ፣ የተበላው እዚያ ነው፤ ሩቁ ጫፍ እንደ አዲስ ነው። በተበላው ቦታ እንዳይላላ ብሎ ተንሸራታቹን ክፍል ቢያጠብቀው፣ ወደ ጫፉ ሲደርስ አልንቀሳቀስ ይለዋል። ስለዚህ ቀጥነቱ በተረጋገጠ ብረት ላይ ስስ ቀለም ቀብቶ በሐዲዱ ላይ ያሸዋል። ቀለም የነካው ቦታ ከፍ ያለው ነውና፣ ያንን በእጅ መፋቂያ በጥቂቱ ይፍቃል፤ እንደገና ቀብቶ እንደገና ያሻል። ይህ የብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም የሳምንታት ሥራ ነው። ጎድጓዳው አይሞላም፤ የቀረው ሁሉ ወደ እርሱ ዝቅ ማለት አለበት። የተሰነጠቀ ቅይድ ብረት ቢያገኝም አስቀድሞ ሳያሞቅና ቀስ ብሎ ሳያቀዘቅዝ ቢበይደው፣ ከብየዳው ጎን ሌላ ስንጥቅ ይፈጠራል።

ሌላም አጭር መንገድ አለ። ይኸውም ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ፣ «የታደሰ ነው» ብሎ መሸጥ ነው። ገዢው ዕቁቡን ያወጣ ወጣት ሊሆን ይችላል። መታለሉን የሚያውቀው ከቶርኖው የወጣው ዘንግ በአንዱ ጫፍ ወፍሮ በሌላው ቀጥኖ ሲያገኘው ነው፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ አልፏል። ስለዚህ ማደስና መሸፋፈን በዓይን ሲታዩ ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። ሐዲዱ ሙሉ በሙሉ ሊቀና ካልቻለ፣ «ረጅም ዘንግ በትክክል አይሠራም፤ ለአጭሩ ግን ይሆናል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ዋጋው ይቀንስበታል፤ ዕዳውን ግን ከፍሏል። ጥርሱ የተጋለጠውን ማርሽ ሳይከድን «ጨርሻለሁ» የሚለውም፣ የሌላውን ሰው ጣት በዋጋው ውስጥ ደብቆ እንደ ሸጠ እንቈጥረዋለን።

በእርግጥ፣ አሮጌ ብረት ሲፍቁ ከመኖር አዲስ መግዛት አይሻልምን የሚል አይጠፋም። ገንዘቡ ላለው ምናልባት ይሻላል። እኛም ድህነትን ቅድስና አድርገን ልንናገር አንፈልግም፤ ብዙ ጠጋኝ የሚጠግነው ወዶ ሳይሆን መግዣ አጥቶ ነው። ነገር ግን የተበላውን ለክቶ ያወቀ ሰው መሣሪያውን ከገዛው ሰው ይልቅ ያውቀዋል።

ወደ ሁለተኛው ዕዳ ስንመጣ እጃችን ንጹሕ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጁን በሙያው የሚሰድበው እንዲታሰር አዝዘው ነበር፤ ይህ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ብዙ ይናገራል። እኛም በልጅነታችን የቀጥቃጭ ቤት ስናልፍ እንድንፈጥን፣ ዓይኑንም እንዳናይ እየተነገረን አድገናል፤ «ቡዳ» የሚለውን ቃልም በአፋችን አልፎ ያውቃል። ይህንንም እያልን በየዓመቱ የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል አክብረናል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 በመስፉ አጠገብ የተቀመጠውን፣ የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን የሚያቀልጠውን ቀጥቃጭ ይገልጽልናል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች በሸንጎ ባይቀመጡም ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይኖር ይናገራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የሥራ ክብር በመጀመሪያ የሚመነጨው ከሥራው ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው በመሆኑ እንደ ሆነ አስተምረዋል። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ለልጆች ስታስረዱ፣ ከተማሪዎቹ መካከል የቀጥቃጭ ልጅ ሊኖር እንደሚችል አትርሱ። እርሱ ከትምህርቱ ይልቅ በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደምትቀመጡ ያያል።

በላስታ ደጋ የክረምት እርሻ ሲቃረብ ገበሬው የተበላ ማረሻውን ይዞ ወደ ባለ እጁ ደጅ ይሄዳል። ከሰሉ እስኪቀላ፣ ብረቱም እስኪሾል ይጠብቃል፤ ያለዚያ ማረሻ የዓመቱ እህል የለም። ዋጋውን ከፍሎ አመስግኖ ይመለሳል። በደጁ ከተቀመጠው እንስራ ውሃ ቀድተው ቢሰጡት ግን፣ ዛሬም «አልጠማኝም» የሚል አለ።