ምጽዋት በስውር፥ ርዳታ በግልጽ

ምጽዋት በስውር ይሰጥ ዘንድ በወንጌል ታዝዟል። ታዲያ የችግረኛው ስም በጉባኤ ፊት ተነግሮ የሚሰጥ ርዳታ ከዚህ ትእዛዝ የወጣ ነውን?

በአገራችን በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለ የርዳታ ሥርዓት ለገጠሩ ተጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የከተሞቹ ተከተለ። በሥርዓቱ መሠረት ጉልበት ያለው ችግረኛ እርከን ሠርቶ፥ መንገድ ጠግኖ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል፤ ሽማግሌውና ሕመምተኛው ግን ያለ ሥራ ይቀበላሉ። ችግረኛውን የሚለዩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ የተመረጡትም ስም ለሕዝብ ይገለጻል።

ይህን የሚነቅፉ ሰዎች፥ ድኻው በጎረቤቱ ፊት ያፍራል ይላሉ። ነቀፋው ቀላል አይደለም፤ እህል ሆዱን ሲሞላለት ኀፍረት ልቡን ቢሰብረው፥ ርዳታው ግማሽ ሆኖ ይቀራልና።

ዳሩ ግን ልዩነቱን እናስተውል። ምጽዋት ከሰጭው ኪስ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ስውርነቱ ሰጭውን ከከንቱ ውዳሴ ይጠብቀዋል። የሕዝብ ርዳታ ግን ከመንግሥትና ከለጋሾች የተሰበሰበ የብዙዎች ገንዘብ ነው፤ አከፋፋዩም መጋቢ እንጂ ባለቤት አይደለም። እርሱ በስውር ቢሰጥ፥ ስውርነቱ ትሕትናን ሳይሆን አድልዎን ይሸፍናል። ዘመድ የሌላት መበለት ከመዝገብ ብትቀር ማን ያይላታል?

እንግዲህ ግልጽነቱ ይጽና፤ ሸክሙ ግን በመጋቢው ላይ ይሁን። ስሙም እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ርስት ድርሻ ይነበብ፤ ተቀባዩ አከፋፋዩን እጅ እንዲነሣ አይጠበቅበት። ድርሻውን የሚቀበል ሰው ፊቱን ሊሸፍን አይገባውም፤ ሒሳቡን ሊገልጥ የሚገባው አከፋፋዩ ነው።