መጨረሻውን ባናውቀው ኖሮ

የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ረጅም የምናብ ልቦለድ አምስተኛ ቅጽ በ2003 ዓ.ም. ክረምት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አንባቢዎቹ ስድስተኛውን እየጠበቁ ነው። ጥበቃው ሲረዝም ግምት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ማን ዙፋኑን እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚከዳ፣ ትንቢቱ ለማን እንደተነገረ ከየቅጹ ፍንጭ እየለቀሙ ይከራከራሉ። በቴሌቪዥን የቀረበው ‹ጌም ኦፍ ትሮንስ› መጻሕፍቱን ቀድሞ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ሲያልቅ፣ ባሮችን ነጻ ስታወጣ የኖረችው ዴኔሪስ እጁን የሰጠ ከተማ በዘንዶ እሳት አጋየች። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች የመጨረሻው ምዕራፍ ዳግም ይሠራልን ብለው ፈረሙ። ሌሎች ደግሞ ከጅምሩም ያስታውቅ ነበር አሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ የእነዚህ የሁለተኞቹ አነጋገር ነው። እውነት ያስታውቅ ነበር? ወይስ ፍጻሜው ከታየ በኋላ ወደ ኋላ ዞረን ምልክት ስንለቅም ነው እንዲያ የሚመስለን? በልቦለድ ይህን መፈተን ያስቸግራል፤ ደራሲው ፍንጩንም ፍጻሜውንም በአንድ እጅ ይዟል። ለፈተናው የሚሆነው ማንም ያልደረሰው ታሪክ ነው፦ ትንቢት ያለበት፣ ስደተኛ ልጅ ነጋሢ የሚሆንበት፣ መጨረሻው ሳይታወቅ ደግሞ በመንገዱ ላይ የነበሩ ሰዎች ያዩትን የጻፉበት። እንዲህ ያለው ታሪክ ጉና ተራራ ሥር፣ ደብረ ታቦር ላይ አለ።

ከትንቢቱ ልጀምር። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ከመከራው ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጎንደር በነበረ ጊዜ ይህንኑ ተስፋ ሰምቶ መዝግቧል፤ በሰማው መሠረት ቴዎድሮስ ተነሥቶ ሺህ ዓመት ይገዛል፣ ጦርነትም ይቀራል። የብሩስ መጽሐፍ የታተመው በኋላ ቴዎድሮስ ተብሎ የሚነግሠው ካሳ ኃይሉ ቋራ ውስጥ ከመወለዱ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። ስለዚህ ትንቢቱ ነገሩ ከሆነ በኋላ የተፈጠረ ነው የሚል ክርክር አያስኬድም።

ታዲያ ትንቢቱ ደረሰ? የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረገ። ውቤ ለራሱ ንግሥ ብሎ ባሠራት በደረስጌ ማርያም፣ ውቤ ራሱ ከግብፅ ባስመጣቸው በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ካሳ ዘውድ ደፋ፤ ስሙንም ቴዎድሮስ አለ። አንድ ደራሲ ይህን ቢጽፈው እጅግ ተመቻቸ እንለው ነበር። ግን ልብ ብሎ ለሚያይ ትንቢቱ የደረሰው ካሳ ስላነበበው ነው። ስሙን ራሱ መረጠ። ሺህ ዓመት የተባለው ዘመን 13 ዓመት ሆነ፤ ጦርነትም አልቀረም። ትንቢቱ መነሻውን ለሰውየው ሰጠው እንጂ መድረሻውን አልነገረንም።

እዚህ ላይ ትንቢቱን ጥዬ ልሄድ ነበር። ያስቆመኝ በዚያው በደብረ ታቦር ከካሳ ንግሥ 13 ዓመት ቀድሞ የሆነ አንድ ጦርነት ነው።

ደብረ ታቦር ከራስ ጉግሣ መርሶ ጀምሮ የየጁ መሳፍንት መናገሻ ነበረች። በ1834 ዓ.ም. ውቤ አቡነ ሰላማን ይዞ ከሰሜን ወርዶ የየጁውን መስፍን ራስ ዓሊን እዚያው ገጠመው። ዓሊ ተሸነፈ፤ ከሜዳውም ሸሸ። ውቤ ግን ድሉን እያከበረ ሳለ የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ከነአቡኑ ማረከው። የሸሸው አሸናፊ፣ ያሸነፈው እስረኛ ሆኖ ዋለ። ያን ቀን ረፋዱ ላይ ደብረ ታቦር ሜዳ የቆመ አንድም ሰው ምሽቱን ሊገምት አይችልም ነበር።

ማንም ሊገምተው የሚችለው ግን ከዚያ የቀጠለውን ነው። ዓሊ ውቤን አስገብሮ ወደ ግዛቱ መለሰው። የዘመነ መሳፍንት ወግ እንዲህ ነበር፦ ተዋግቶ መማረክ፣ ታርቆ መገበር፣ ጊዜ አይቶ እንደገና መሸፈት። ካሳ ራሱ በዚህ ወግ ነው ያደገው። ሸፍቶ ሲያስቸግር የዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። እንደገና ሸፍቶ በ1839 የዓሊን እናት እቴጌ መነንን ማረከ፤ በእርቅም ለቀቃት። ከዚያም ለዓሊ ገብሮ ኖረ። በዚያ ሥርዓት የተሸነፈ መስፍን የሚወጣበት በር ነበረው፤ ያሸነፈም የሚያስወጣበት።

ትንቢቱን መልሼ ማየት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። የተስፋው ንጉሥ ነኝ ያለ ሰው ለማን ይገብራል? እንደ ዓሊ ተሸንፎ ወደ ዘመዶቹ አገር ሊገባ፣ እንደ ውቤ ተማርኮ ሊማልድ አይችልም። ሌሎችንም በቀድሞው በር ማስወጣት ይከብደዋል። ውቤ በሰንሰለት ታሰረ። የጎጃሙ ብሩ ጎሹ በ1846 ተይዞ እንግሊዞች የቴዎድሮስን አምባ መቅደላን ሲይዙ ገና እስረኛ ነበር። ንጉሡ ምሕረት ያደረገበት ጊዜ መኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን የቀድሞው መንገድ፣ ተሸናፊው ግዛቱን ይዞ የሚመለስበት፣ በስሙ ተዘጋ። ትንቢቱ ፍጻሜውን ባይነግረንም ከሚቻሉት ፍጻሜዎች አንዱን፣ በእርቅ የሚያልቀውን፣ ሰርዞታል።

ይህን ይዤ የማርቲንን ስታኒስን አየሁት። ቀይዋ ካህን ሜሊሳንድሬ ተስፋ የተደረገው ጀግና አንተ ነህ ብላ የሰበከችው ስታኒስ ሕግ አክባሪ፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። በመጻሕፍቱ ውስጥ እስካሁን በሕይወት አለ። አንባቢዎች የሚከራከሩት በእውነት የተመረጠው እሱ ነው ወይ በሚል ነው። እኔ ግን ጥያቄው ሌላ ይመስለኛል፤ ተመርጫለሁ ካለ በኋላ የትኛው በር ክፍት ቀረው? ለሌላ ንጉሥ ተንበርክኮ ግዛቱን ይዞ የሚያረጅ ስታኒስን ማሰብ ያቅተኛል።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬው አልለቀቀኝም። የቴዎድሮስን ፍጻሜ፣ መቅደላን፣ እያወቅሁ ነው ይህን ሁሉ የማስበው። ስለዚህ መቅደላን ወደማያውቁ ምስክሮች መሄድ ነበረብኝ።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው። በ1847 ዓ.ም.፣ ንግሡ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ስለ አዲሱ ንጉሥ ለመንግሥቱ ረጅም ሪፖርት ልኳል። የንጉሡን ትጋት፣ ድፍረትና ለጋስነት፣ ወታደሩን ከዘረፋ ለመከልከልና የባሪያን ንግድ ለማስቀረት መነሣቱን ያደንቃል። ቀጥሎም ጉድለቱን ይዘረዝራል፦ አንዳንዴ የሚገነፍል ቁጣ፣ በንግሥናውና ከእግዚአብሔር በተሰጠው መብት ላይ የማይበገር ኩራት። ዐሥራ ሦስቱ ዓመታት ገና ሲጀመሩ የተጻፈ ነው።

ሁለተኛው ደብተራ ዘነብ ነው። ዘነብ የንጉሡን ዜና መዋዕል የጻፈው ንጉሡን እየወደደ ነው፤ ታሪኩም 1852 ዓ.ም. አካባቢ ላይ ይቆማል። ያኔ ጎንደር ገና አልተቃጠለችም፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ የሚጻፈው ደብዳቤ ወደ ለንደን አልተላከም፣ የጋፋት መድፍ አልተሠራም። አለቃ ወልደ ማርያም በኋላ የጻፉት ዜና መዋዕል ግን እስከ ፍጻሜው ይዘልቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ለዚህ ጥያቄ ትልቅ ሀብት ነው። የዘነብን ብቻ ያነበበ ሰው የሚያየው ገና እየወጣ ያለ ንጉሥ ነው፤ አመፁም ቅጣቱም ቢኖር ሁሉም ሥርዓት ለማስያዝ የሚደረግ ይመስላል። እኔ በዘነብ ዘመን ብኖር ኖሮ እገምት የነበረው ድል ነው። ይህን ሳስብ ‹ያስታውቅ ነበር› ባዮቹ ላይ ያለኝ ጥርጣሬ በረታ።

ከዚያስ ምን ተለወጠ? ባለቤቱ ተዋበች በ1850 ሞተች። ፕላውደን በ1852 በአማፂው በጋረድ ሰዎች እጅ ወደቀ፤ የንጉሡ ወዳጅ ጆን ቤልም ብዙ ሳይቆይ በውጊያ ሞተ። ንጉሡ ምክር የሚቀበላቸው ሰዎች በሦስት ዓመት ውስጥ አለቁ። ከቤተ ክርስቲያን ጋር በመሬት የተነሣው ጠብ አቡነ ሰላማን እስከ ማሰር አደረሰ። ወታደሩ በደመወዝ እንዲኖር የወጣው ሐሳብ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡን የሚሰጥ አገር ግን እየጠበበ ሄደ።

ደብዳቤውም አለ። ጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ በቢሮ ተቀመጠ። ንጉሡ የእንግሊዝን ቆንስል ካሜሮንን በ1856 አሰረ። ለዚያ ደብዳቤ በጊዜው መልስ ቢሰጥ ኖሮ በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ይመጣ ነበር? አይመስለኝም። አንድ የለንደን ጸሐፊ ቸልታ የአንድን ንጉሥ ፍጻሜ ካጠፈ፣ ፍጻሜው ከባሕርይ ይመነጫል የሚለው ሐሳብ ምን ይሆናል?

ይህን ጥርጣሬ ያላላልኝ ደባርቂ ነው። በ1840 ካሳ ሱዳንን ከያዙት ግብፆች ጋር ደባርቂ ላይ ገጥሞ ክፉኛ ተመታ። የመታው የሰለጠነ ወታደርና መድፍ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚፈልገው ነገር አልተለወጠም። ለቪክቶሪያ የላከው ደብዳቤ የወዳጅነት ነበር፤ ከአውሮፓ ይፈልግ የነበረው ግን የእጅ ባለሙያ ነው። መልስ ሲያጣ እጁ ላይ ያሉትን አውሮፓውያን ያዘ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሰፈራቸውን ሚስዮናውያንና አንጥረኞች፣ ዋልድማየርን፣ ሳልሙለርን፣ ሞሪትዝ ሆልን፣ መድፍ አሠራቸው። መልሱ ቢመጣ ሰባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ በሌላ ቅርጽ ይሠራ እንደሁ እንጂ ምኞቱ አይቀርም ነበር።

መድፉ 7 ቶን ያህል ነበር። በመስከረም መጨረሻ 1860 ንጉሡ ደብረ ታቦርን በእሳት ለቆ ወጣ። ያኔ በእጁ የቀረው ሰፈሩ ያለበት መሬትና መቅደላ ነው ማለት ይቻላል፤ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ላይ ነግሧል፣ ላስታ በጎበዜ፣ ትግራይ በካሳ ምርጫ እጅ ነው። የበጌምድር ገበሬ፣ የራሱ አገር ሰው፣ በዘረፋው ተማሮ ከድቶታል። ሰባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተተ፣ መንገድ እየደለደለ፣ ገደል እያስናደ ወደ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። አሮጌ በተባለው ሜዳ ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ጦርነት መድፉ አልጠቀመውም። ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግስት፣ ቪክቶሪያ በላከችለት ሽጉጥ ራሱን ገደለ።

እዚህ ላይ አቋሜን እለያለሁ። የናፒየርን መምጣት ማንም ሊተነብይ አይችልም። አንድ ቀን ከራሱ የሚበረታ ጦር ከፊቱ ሲቆም እንደማይገብር ግን ከ1847 ጀምሮ ማወቅ ይቻል ነበር፤ ፕላውደን ያየውን ያየ፣ የስሙንም ክብደት የተረዳ ሰው ይህን ያህል ሊደርስበት ይችላል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ‹የቴዎድሮስ እንባ›፣ አቤ ጉበኛ በ‹አንድ ለናቱ› ቴዎድሮስን ሲጽፉ አንባቢያቸው መቅደላን ያውቃል፤ ቢሆንም ይነበባሉ፤ የምናነበው እንዴት እንደደረሰ ለማየት ነውና።

ሐሳቤን ግን በሌላ የደብረ ታቦር ንጉሥ መፈተን ነበረብኝ፤ ዐፄ ዮሐንስም ከዚህች ከተማ ገዝተዋል። እሳቸው በሩን ክፍት የተዉ ሰው ናቸው። በ1870 ልቼ ላይ ምኒልክን አስገብረው የሸዋ ንጉሥነቱን አጸደቁለት፤ የጎጃሙንም አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው አነገሡት። በሃይማኖት ጉዳይ፣ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እንደታየው፣ ያን ያህል ቦታ አልሰጡም። በኔ መለኪያ ቢገመት ፍጻሜያቸው እርቅ፣ ቢበዛ ከገባሪ ንጉሥ ጋር የሚደረግ ድርድር መሆን ነበረበት። የሱዳኑ ማህዲ ተከታዮች፣ ደርቡሾች፣ በ1880 ጎንደርን ካቃጠሉ በኋላ እንኳ ዮሐንስ ለጦር አዛዣቸው ለሐምዳን አቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈዋል። አቡ አንጃ እስልምናን ካልተቀበልክ ብሎ በስድብ መለሰ። መጋቢት 1881 ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ በጥይት ቆስለው ሞቱ። የሳቸውን ባሕርይ ብቻ መርምሮ ወደዚያ ሜዳ የሚደርስ አንባቢ አላውቅም፤ የአቡ አንጃንና የማህዲ ተተኪ የነበረውን የኸሊፋውን ትንቢት፣ የማህዲን ተስፋ፣ አብሮ ያላነበበ ግማሹን መጽሐፍ ነው የያዘው። ለቴዎድሮስ የሠራው መለኪያ ለዮሐንስ እንዲሠራ ከተፈለገ ባላጋራውም የራሱ ባለታሪክ ሆኖ መቆጠር አለበት፤ ያን ጊዜም ስንቱን ባላጋራ ቆጥረን እንደምናቆም ገና መልስ አላገኘሁለትም።