እስከዚህ ድረስ አውቃለሁ

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው። ግቢያቸው ጥግ አንድ የበሰበሰ ግንድ ወድቋል። በዚህ ማገዶ በተወደደበት ዘመን ለምን እንደማያስፈልጡት ሰፈሩ ሁሉ ይገረማል። ባለፈው ክረምት ቡና ተጠርቼ ስሄድ ግንዱ ሥር ተንበርክከው አገኘኋቸው።

«የጅብ ጥላ እየፈለጉ ነው እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ከጅብ ጥላ የሚያንስ» አሉኝ።

ጣታቸውን ተከትዬ ሳይ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ አመድማ ነጠብጣቦች እንጨቱ ላይ ተበትነዋል። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ጥቃቅን ሰሃን ይመስላሉ። ፈንገስ ናቸው።

እንግዲህ የአንዲት ፈንገስ ስም እንዴት እንደሚፈለግ ስሙልኝ። አንዷን በምላጭ ስስ አድርገው ቆረጡ፤ ከውሃ ጠብታ ጋር መስታወት ላይ አኑረው ማይክሮስኮፑ ሥር አስገቡ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ረጃጅም ከረጢቶች ተደርድረዋል። በየከረጢቱ እንደ አተር እሸት ስምንት ስምንት ስፖር፣ ማለትም ዘር፣ አለ። አዮዲን ጠብ ሲያደርጉበት የከረጢቶቹ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ብቅ አለ። ይህ በሁሉም ዓይነት ላይ አይታይም፤ ስለዚህ አንዱ መለያ ነው። ቀጥሎ ልኬት ሆነ። የሚለካው በማይክሮን ነው፤ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ። አንዱን ስፖር ለኩ፣ ሌላውን ለኩ፣ ሃያ ደረሱ።

«አንዱ አይበቃም?»

«አንዱማ ያሳስታል!»

አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለፈ። መጽሐፍ ተገለጠ፣ ተከደነ። በመጨረሻ ደብተራቸው ላይ «ሞሊዚያ፤ ዝርያው አልተለየም» ብለው ጻፉ። ሞሊዚያ የወገኑ ስም ነው። የወገኑ አባላት እርስ በርስ ከመመሳሰላቸው የተነሳ ባለሙያ ያስቸግራሉ።

«ይህን ሁሉ ደክመው አላውቅም?» አልኩ።

«አላውቅም አላልኩም። እስከዚህ ድረስ አውቃለሁ ነው ያልኩት።»

እስካሁን ስም የወጣላቸው ፈንገሶች ከ150 ሺህ በላይ ናቸው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ግምት ግን በዓለም ላይ ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን ዓይነት ይኖራል ይላል። የሰው ልጅ ከዚህ ፊት ቆሞ «አልተለየም» ቢል ነውር አይደለም። ነውሩ ያልለኩትን ለክቻለሁ ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ «አላውቅም» ብዙ ጊዜ ማምለጫ ነው። ምስክር ስንባል፣ ጎረቤት ሲበደል፣ «እኔ ምን አውቄ!» ብለን በራችንን እንዘጋለን። ይህኛው አላውቅም ፍርሃት ነው። የጋሼ ግን ሁለት ሰዓት ያስጎነበሰ፣ የት ላይ እንደቆመ በትክክል የሚናገር ነው። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት።

«ዳኛና አስተማሪ እስኪለዩ ድረስ መቆየት ይችላሉ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ፍርድ ቀጠሮ አለው፤ ውጤትም ቀን አለው። ቢሆንም ለፈንገስ ሃያ ጊዜ ከተለካ ለሰው አንድ ጥያቄ አይነሰውም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማይል ልጅ ነበር። አንድ ቀን ስለ ልብ ወለድ የጻፈውን አመጣ። አጻጻፉ አስደነገጠኝ። ልጁን አየሁ፣ ወረቀቱን አየሁ፤ «ኮርጇል» ብዬ ዜሮ ሰጠሁት። ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ «መምህር፣ እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት» አለኝ። «ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ አንተን አላውቅህም?» አልኩት። ሄደ። በሚቀጥለው ሴሚስተር አልተመለሰም።

አስቀምጬው ስለ መጽሐፉ ሁለት ጥያቄ ብጠይቀው አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። እሱ ጽፎት ይሁን ኮርጆ ዛሬም አልለየሁም። እስከዚህ ድረስ ግን አውቃለሁ፤ አልጠየቅሁትም።