መስፋትና መፋቅ

አሮጌ ዕቃን አድሶ መጠቀም ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሙያ አይደለም። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገብቶ የወጣ ሰው ለዚህ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ ባዶ ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል፤ በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ይወጣዋል። እኛ ልጆች ሳለን የአባት ኮት ፊቱ ሲነጣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ይሄድና ተገልብጦ ይሰፋ ነበር፤ ለበዓል አዲስ ሆኖ ይመጣል። ማንም አላፈረበትም። ይህ ሁሉ ማጣት ያስተማረን ጥበብ ነው። ግን ከዚሁ ጥበብ ጎን የምትኖር አንዲት አነጋገር አለችን፤ «ውስጡን ለቄስ» የምትል። ላዩ አምሮ ውስጡ ሌላ የሆነ ነገር ባጋጠመን ቁጥር እሷን እንመዛለን። እንግዲህ ማደስን የምናከብረውን ያህል ማስመሰልን የምንንቅ ሰዎች ነን ማለት ነው። ችግሩ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር የቱ ጋ እንደሆነ ሲጠፋን ነው።

እስቲ ድንበሩን በአንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ እንፈልገው። ከሌላው ዕቃ ሁሉ ጊታርን የመረጥኩት በሰፈራችን እናትና ልጅን ያኳረፈ አንድ ጊታር ስላለ ነው።

ጊታሩ የሟቹ አባት ነው። አባትዬው በደርግ ዘመን፣ በሰዓት እላፊ ምክንያት ምሽት ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው በሚያድርበት ጊዜ፣ ከባንድ ጋር ሲጫወቱበት ኖረዋል። ዛሬ ልጁ በሠርግና በሆቴል እየተጫወተ እናቱን የሚያግዘው በዚሁ ጊታር ነው። ድምፁ ደህና ነው፤ መልኩ ግን ተጎሳቁሏል። ቀለሙ ተቀርፏል፣ ከክሮቹ ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ተሰንጥቋል፣ ብረቱ ዝጓል። የባንዱ አለቃ «ይሄን ይዘህ መድረክ ላይ አትወጣም» አለው። አዲስ ለመግዛት ደግሞ አቅም የለም። ልጁ ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛውን አማከረ። ጓደኛውም እስከ እንጨቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት እንፍቀው፣ ስቱኮ እንምታው፣ እንደ መኪና ቀለም እንንፋው አለ። እግረ መንገዱንም «ጭንቅላቱ ላይ የአንድ ትልቅ ፋብሪካ ስም እንለጥፍበታለን፤ ማን ያውቃል?» ሲል ጨመረ።

እናት ይህን ሲሰሙ እኔን አስጠሩኝ። «መምህር፣ እስቲ አንተ ፍረደን። ይሄ ልጅ የአባቱን ክንድ ሊፍቅብኝ ነው።»

ክንድ ያሉት ለአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም። ጊታር ተጫዋች ቀኝ ክንዱን የሚያሳርፍበት የጊታሩ የላይኛው ጠርዝ በላብና በመታሸት ብዛት ቀለሙ ያልቃል። በዚህም ጊታር ላይ በዚያ ቦታ አንድ መዳፍ የሚያህል እንጨት ወጥቶ ይታያል። የአንድ ሰው የሥራ ዘመን እዚያ ላይ ተጽፏል ብል ማጋነን አይሆንም። እናት ጊታሩን ሲወለውሉ እጃቸው እዚያ ላይ ሲደርስ ቀስ ይላል።

ልጁም መልስ ነበረው። «ጋሼ፣ ሰው እኮ ከመስማቱ በፊት ያያል። እኔ የምበላው በመታሰቢያ ነው ወይስ በሥራ?»

ለሁለቱም ማዳላት ይቻላል። ለእናት የሚያዳላ ሰው የአየርላንዱን ሮሪ ጋላገርን ይጠቅሳል። በ1963 እ.ኤ.አ. የገዛው ፌንደር ጊታር ቀለሙ አብዛኛው አልቆ እንጨቱ ተራቁቶ ነበር፤ ሰውየው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አላስቀባውም። ያው የተራቆተ ጊታር በ2024 እ.ኤ.አ. በጨረታ ተሸጦ ለአገሩ ብሔራዊ ሙዚየም ተበርክቷል። አሮጌ ጊታር የሚሰበስቡ ሰዎችም ዋናው ቀለሙ የተፋቀ ጊታር ዋጋው በእጅጉ እንደሚወርድ ያውቃሉ። ፋቂው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ይሆናል።

ለልጁ የሚያዳላ ደግሞ ኤዲ ቫን ሄለንን ይጠራል። በ50 ዶላር እንከን ያለበት ገላ፣ በ80 ዶላር አንገት ገዝቶ ገጣጠመ። በማጣበቂያ ፕላስተር እየከለለ ጥቁርና ነጭ ቀባው፤ ቆይቶም ቀይ ደረበበት። ያ በርካሽ የተሠራ ጊታር በ2019 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል። ቀለም መቀባት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ እዚያ ባልደረሰ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ሌላ ጉድ አለ። ፌንደር ኩባንያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ጊታር ሠርቶ፣ ቀለሙን ፍቆ፣ ብረቱን አዝጎ፣ ያረጀ አስመስሎ ይሸጣል፤ ዋጋውም ካልተጎሳቆለው ይበልጣል። እኛ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ስንለፋ ባለጸጋው አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል ይከፍላል። ያላላበውን ላብ ይገዛል እንበል? ገዢው አዲስ መሆኑን አውቆ እስከገዛ ድረስ ግን ማንም አልተታለለም። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከመፍረዴ በፊት «መጀመሪያ ይከፈትና ውስጡን እንየው» አልኩ። የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ መፍቻውን ይዞ መጣ። የተሰነጠቀው የፕላስቲክ ሽፋን ሲነሳ ሁላችንም ዝም አልን። ከሥሩ ያለው ቀለም ቀይ ነው! እኛ የምናውቀው ጊታር ጥቁር ነው። ጥቁሩን የደረቡት አባትዬው ራሳቸው ኖረዋል። አንገቱ ከገላው ሲፈታ ደግሞ በመጋጠሚያው መካከል የተጣጠፈች ካርቶን ወጣች፤ ከኒያላ ሲጋራ ፓኮ የተቆረጠች። አንገቱ ትንሽ ቀና እንዲል ያስገቧት መሆን አለበት። እናት አንስተው አዩዋትና «ይቺን እንኳ አትጥሉብኝ» አሉ፤ እየሳቁም እያለቀሱም።

እንግዲህ «የአባቱን ጊታር አትንኩ» ስንል የትኛውን ጊታር ነው? አባትዬው ራሳቸው ሲቀቡት፣ ሲፈቱት፣ በሲጋራ ፓኮ ሲያቃኑት የኖሩትን? የአያት በገና ጅማቱ ስንት ጊዜ ተቀይሮም የአያት በገና ነው። የመሰንቆ ጭራ ይለወጣል፤ አዝማሪው ግን አዲስ መሰንቆ ገዛሁ አይልም። ከጥገና የተከለከለ የሙዚቃ መሣሪያ ቀስ በቀስ የግድግዳ ጌጥ ይሆናል። በዚህ በኩል ልጁ ረታ።

ግን ሙሉ በሙሉ አልረታም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ብራና መጻሕፍት ልውሰዳችሁ፤ የቀድሞ ሥራዬ አመል ነውና ታገሡኝ። በጥንት ብራናዎቻችን ላይ ሁለት ዓይነት የእጅ ሥራ ይታያል። አንደኛው ስፌት ነው። ቆዳው ሲቀደድ ወይም ቀዳዳ ሲኖረው በክር ይሰፋል፤ ስፌቱ በግልጽ ይታያል፤ ጽሑፉም ዞር ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛው ፍቀት ነው። መጽሐፉ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው ሲሻገር የቀድሞው ስም ይፋቅና በዚያው ቦታ የአዲሱ ይጻፋል። ለመጽሐፉ ገንዘቡን አውጥቶ ጸሎት እንዲደርሰው የተመኘ ሰው ከገጹ ይጠፋል። ሁለቱም መጽሐፉን ለአዲስ አንባቢ ያደርሱታል። ስፌቱ የደረሰውን ጉዳት ይናገራል። ፍቀቱ ግን እዚያ የነበረን ሰው እንዳልነበረ ያደርጋል።

«ታዲያ የተሸፈነ ሁሉ ውሸት ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሽበቷን ሂና የምትቀባ ሴት ማንንም አልበደለችም። ያረጀ በቅሎ ጥርስ ሞርዶ ገበያ የሚያወጣ ሰው ግን ሌባ ነው። ሁለቱም ዕድሜ ደብቀዋል፤ ልዩነቱ በሞራጁ ድብቅነት ላይ ተማምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ ሌላ ሰው መኖሩ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይህ ነበር። ስቱኮና ቀለም ከሂናው ወገን ናቸው። የፋብሪካውን ስም መለጠፍ ከበቅሎው ወገን ነው። ልጁ ዛሬ አይሸጠውም ይሆናል፤ ነገ ሲቸግረው ግን ገበያ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የተለጠፈው ስም እሱ ሳይናገር ይዋሽለታል።

ስለዚህ እንዲህ ተደረገ። ጊታሩ መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅና በጥርስ ብሩሽ ታጠበ፤ ግማሹ እርጅና ቆሻሻ ሆኖ ተገኘ። የዛጉት ቡሎኖች ተቀየሩ፣ የተፈታ ሽቦ ተበየደ፣ አዲስ ክር ገባ። ለተሰነጠቀው ሽፋን የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠሩ ልጆች ከቁርጥራጭ ፕላስቲካቸው ልኩን ቆረጡለት። የተቀረፈው ጀርባና ጎኑ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ አሮጌ ቀለም አቧራው መርዝ ሊሆን ይችላልና፣ በስሱ ተፋቀና በዚያው ጥቁር ተቀባ። ክንዱ ያረፈበት ቦታ አልተነካም፤ ከዚህ በላይ እንዳይበላ ብቻ ስስ ቫርኒሽ አለፈበት። የኒያላዋ ካርቶን ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ሥራ ላይ ነበረችና። ጭንቅላቱ ላይ ምንም ስም አልተለጠፈም። ወጪው የአዲስ ጊታር ዋጋ አንድ አሥረኛ አልሞላም። የባንዱ አለቃ ጊታሩን አገላብጦ አይቶ «ይሄ ያስኬዳል» አለ። እናት ግን አሁንም ጀርባው ላይ ያለው አዲስ ቀለም አልጣማቸውም። ሊጣማቸውም ግድ አይደለም፤ እያንዳንዱ እድሳት ከአንድ ሰው ላይ የሚወስደው ነገር አለ፤ የተወሰደበት ሰው ቢያዝን መብቱ ነው።

ነገሩ ለጊታር ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ ቀለም ባላፈሰስኩ ነበር። መሥሪያ ቤት ስሙንና ዓርማውን ለውጦ ባለጉዳይ በዚያው ወረፋ ላይ ሲቆም፣ ድርጅት ከመሥራቾቹ ጋር ሲጣላ ፎቶግራፋቸውን ከግድግዳው ሲያወርድ፣ የምናየው ይኸው ነው። የመጀመሪያውን «አልሸሹም ዞር አሉ» ብለን እንስቅበታለን። በሁለተኛው መሳቅ አይገባም፤ ፍቀት ነውና። አዲስ ቀለም በሚነፋበት ቦታ ሁሉ ሁለት ነገር መጠየቅ ይበቃል። ከሥሩ የነበረውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሽፋኑን ቢያነሳ ያገኘዋል ወይ? ይህንን አዲስ መልክ አምኖ ገንዘቡን ወይም ዕድሜውን የሚያወጣ ሰውስ የሚገዛውን ያውቃል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ቀለሙ ይነፋ፤ ዓለም የሚኖረው በጥገና ነው። አይደለም ከሆነ ግን ብርጭቆ ወረቀቱን የያዘውን እጅ በጊዜ መያዝ ይሻላል፤ የተቀባ ነገር መልሶ ሊገለጥ ይችላል፤ የተፋቀ ግን አይመለስም።