ዝም በል ተብሎ ስለሚያገለግል ወታደር

በዲመካ የቅዳሜ ገበያ የዋለ ሰው የሐመርን ሴት ሳይጠይቅ ያውቃታል። ያገባችው በአንገቷ ብረት ትለያለች፤ የመጀመሪያይቱ ሚስት ደግሞ ከፊት ጎልቶ በወጣው የአንገት ጌጧ ትታወቃለች። በዚያ ገበያ ሰው ማንነቱን በአካሉ ላይ ይዞት ይዞራል። ይህን ባየሁ ቍጥር አንድ ወታደር ከጥቂት ዓመታት በፊት የጠየቀኝ ነገር ይመለስብኛል። «የኔታ፤ ያልጠየቁትን ዝም ያለ ሰው ሐሰተኛ ይባላል?» አለኝ። እኔም ሳልመረምር «ዝምታ ወርቅ ነው» ብዬ ሸኘሁት። ጥያቄው ስለ ምን እንደ ኾነ የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው።

ይህ ዝምታ በአሜሪካ ሕግ ኾኖ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመን በወጣው ሕግ፣ ወንድ ወንድን ሴትም ሴትን የሚያፈቅሩ ወታደሮች «አንጠይቅም፤ አትናገሩ» በሚል ውል ብቻ ያገለግሉ ነበር፤ የተናገረው ይሰናበታል። ሕጉ በ2011 እስኪቀር ድረስ ከ13 ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች ተሰናበቱ፤ አገሪቱ በኢራቅ ስትዋጋ የዐረብኛ ዐዋቂዎች እንኳ አልቀሩም። ከዚያ አስቀድሞ በቬትናም ቈስሎ የተሸለመው የአየር ኃይሉ የበታች ሹም ሌናርድ ማትሎቪች በ1975 ራሱን ለአለቃው በደብዳቤ ገልጦ ተወገደ። በ1988 ሲሞት በራስጌ ድንጋዩ ላይ ስሙን አላስጻፈም፤ ኹለት ሰዎችን ስለ ገደለ እንደ ተሸለመ፣ አንዱን ስለ ወደደ እንደ ተባረረ አስጻፈ እንጂ። እንግሊዞችም ክልከላውን በ2000 አንሥተዋል፤ በ2023 ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ይቅርታ ጠይቀዋል። ሠራዊቱ ይፈርሳል የተባለው አልኾነም።

እንግዲህ ዝም ማለት ይቻላልን? በእንግሊዝኛ ግስ ወንድና ሴትን አይለይም፤ ተውላጠ ስሙን የሸሸ ሰው ሊያመልጥ ይችላል። በእኛ ቋንቋ ግን «ማን ጠየቀህ?» የተባለ ወታደር «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት ግድ ነው። (አንቱታው «መጡ» ያድነው ይኾናል፤ ነገር ግን ፍቅረኛውን አንቱ የሚል ማን ነው?) ስለዚህ አንድ ጊዜ ዝም በል የተባለ ሰው በየቀኑ፣ በየግሱ፣ ሐሰት ተናገር ተብሏል። ሐሰቱም የአዛዡ እንጂ የእርሱ ብቻ አይደለም። እኛ የቅኔ ሰዎች ወርቁን በሰም የምንሸፍነው ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘው ነው፤ ያ ሕግ ግን ወርቁ እስከ መቃብር እንዳይገኝ አዘዘ።

ቤተ ክርስቲያናችን ግብሩን ኀጢአት እንደምትል አንባቢ ያውቃል፤ እኔም ያደግሁት በዚያው ትምህርት ነው። ኾኖም ንስሓ አባት የሚጠይቀውና የጦር አለቃ የሚጠይቀው አንድ አይደለም። ዘማዊውና ሰካራሙ በሰልፉ መካከል ቆመው ሳሉ «ከቤታችሁ ማን አለ?» ያላቸው የለም። ባልንጀራውን ከእሳት ጎትቶ ያወጣውን ክንድ፣ የወደደው ማን እንደ ኾነ በታወቀ ጊዜ የማይታመን የሚያደርገው ምንድር ነው? ይህን ለሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አድምጫለሁ፤ ከመጸየፍ በቀር የጸና ምክንያት አላገኘሁባቸውም።

በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ግብሩን ያስቀጣል። ስለዚህ የእኛ ወታደር ከመባረር ይልቅ እስራትን ይፈራል፤ ጥያቄውንም እንደዚያ ሰው አዙሮ ይጠይቃል።

ያ ወታደር ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ቢመለስ የምሰጠው ፍጹም መልስ ዛሬም የለኝም፤ «ዝምታ ወርቅ ነው» ያልሁትን ግን መልሼ እወስደው ነበር።