አበቦች በደጃችን ተመለሱ

ንባብ፦ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6፥ ቍጥር 28–30



ክረምቱ አልፎ የመስከረም ፀሐይ በወጣች ጊዜ፥ በአገራችን ደጋ የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያያል። በጭጋግና በጭቃ ተሸፍኖ የከረመው ሜዳ የአደይ አበባን ቢጫ ልብስ ይለብሳል፤ ልጃገረዶችም አበባውን ከለምለም ሣር ጋር አስረው ከቤት ወደ ቤት እየዘፈኑ ይዞራሉ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ ብላ ትጠራዋለች። እኔ ግን ዛሬ ልነግራችሁ የምወደው ስለ ሰፊው ሜዳ ሳይሆን፥ በቤታችን ደጃፍ ስላለች፥ ርዝመትዋ ከአሥር እርምጃ ስለማትበልጥ አንዲት የአበባ መደብ ነው።

ይህችን መደብ ያበጀቻት ባለቤቴ ነበረች። በአጥሩ በኩል ጽጌ ረዳ፥ በመካከል ቀይ ዳሊያ፥ በበሩ አጠገብም ጤና አዳም ተክላ ነበር። አደዩን ማንም አልተከለውም፤ በራሱ ጊዜ መጣ፤ እርስዋም «እንግዳ ነውና አይነቀልም» ብላ ተወችው። ባለቤቴ ባለፈው ጥር አረፈች። በዚያን ጊዜ የዳሊያው ግንድ ደርቆ ወድቆ ነበር፤ ጽጌ ረዳውም ውኃ የሚያጠጣው አጥቶ እሾሁ ብቻ ቀረ። በጋው በሙሉ ማለዳ ማለዳ በሩን በከፈትሁ ቍጥር የማየው ይህንን ነበር።

በግንቦት መጨረሻ መቆፈሪያ ይዤ ወጣሁ። ለሰው የነገርሁት ምክንያት ጎመን ልተክል ነው የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን፥ ያን የደረቀ ነገር ማየት ስላስመረረኝ ነው። ሦስት ጊዜ እንደ ቆፈርሁ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ሆነው፥ «ልጄ፥ ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ።

«ደርቋል፥ እማማ፤ ጎመን ልተክልበት ነው» አልኋቸው።

«የደረቀው ላዩ ነው፤ ሥሩን ማን አየው? ክረምቱ ይለፍና ያን ጊዜ ትነቅለዋለህ» አሉኝ። እኔም አፍሬ መቆፈሪያዬን አስቀመጥሁ።

ዝናቡ ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ ጣት ጫፍ የወፈረ ቡቃያ ከጭቃው ውስጥ ብቅ አለ። በማግስቱ ሌላ ሁለት ታየ። ከዚያ በኋላ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን ሳያስቀምጡ በመጀመሪያ የሚሮጡት ወደ መደብዋ ሆነ፤ ማን ብዙ እንዳገኘም ይከራከሩ ነበር። በመስከረም የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ቀይ አበባ ተከፈተ። የአንዱን አበባ ቅጠል ልቈጥር ሞክሬ ሰማንያ ስደርስ ተሳሳትሁና ተውሁት። በቤታችን ከጥር ወዲህ ሳቅ የተሰማው በእነዚያ ቀናት ነው። (በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን የፕላስቲክ አበባ ስመለከት ሁልጊዜ አዝናለሁ፤ አይጠወልግም፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን አቧራውን ከመጥረግ በቀር የሚጠብቀው ማንም የለም።)

ጌታችን ስለ ሜዳ አበቦች ሲናገር የሸሸገው ነገር የለም። ዛሬ ያለው ሣር ነገ ወደ እቶን እንደሚጣል በዚያው ንግግር ውስጥ ገልጦታል። እንግዲህ ከሰሎሞን ክብር የሚበልጠው ልብስ የተሰጠው ዕድሜው እጅግ ላጠረ ነገር ነው። እኛ ብንሆን ለጥቂት ሳምንት ለሚቆይ ነገር እንዲህ ያለውን ጥበብ አናወጣም፤ «ምን ያህል ዓመት ያገለግላል?» ብለን አስቀድመን እንጠይቃለን። እግዚአብሔር ግን በዚህ ሚዛን አይመዝንም። ከባለቤቴ ጋር የኖርሁባቸውን ዓመታት፥ አነሱ ብዬ ከማጉረምረም በቀር፥ እንደ ስጦታ ያሰብሁበት ቀን ብዙ አልነበረም። በዚያች መደብ አጠገብ ቆሜ ስለዚህ ነገር ይቅርታ ለመንሁ።

ነገር ግን ሊያጽናኑኝ የመጡ አንዳንድ ወዳጆች፥ «አየህ፥ የሞተው አበባ ተነሣ፤ እርስዋም እንዲሁ ናት፤ ስለዚህ አታልቅስ» ባሉኝ ጊዜ ልቤ አልተቀበለውም። አሳባቸው መልካም ነበር፤ ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። የዳሊያው ሥር አልሞተም ነበርና፤ ሕይወቱን በውስጡ አቆይቶ ዝናብን ይጠብቅ ነበር። የአደዩም ዘር እንዲሁ ነው፤ እናቱ ደርቃ ስትጠፋ እርሱ በአፈር ውስጥ ሆኖ ክረምትን ይጠብቃል። የሰው ሬሳ ግን ዝናብ የሚያበቅለው ነገር በውስጡ የለውም። የምናየው አበባ ደግሞ በኅዳር ተመልሶ ይደርቃል፤ ከሙታን የተነሣው ክርስቶስ ግን ወደ ፊት እንደማይሞት ሐዋርያው በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 6 ያስተምራል። በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 15 ላይም ጳውሎስ የዘርን ምሳሌ ሲያመጣ ኃይሉን ለዘሩ አልሰጠም፤ አካልን የሚሰጥ እግዚአብሔር መሆኑን አመለከተ እንጂ። ስለዚህ ተስፋዬን በዳሊያ ሥር ላይ ላሳርፈው አልችልም፤ በእርሱ ቃል ላይ ነው።

ማልቀስም አልተከለከለም። ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንዳለ እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አለቀሰ። ማርቲን ሉተርም በቪተንበርግ በቤቱ አትክልት የሚተክል፥ ለወዳጆቹ እየጻፈ ዘር እንዲልኩለት የሚለምን ሰው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1542 ዓ.ም. በመስከረም ወር፥ ማግዳሌና የተባለች የ13 ዓመት ልጁ ስትሞት፥ ይህ የትንሣኤ ሰባኪ በአልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ አለቀሰ።

ጌታችን የተቀበረበት መቃብር በአትክልት ስፍራ እንደ ነበረ የዮሐንስ ወንጌል ይነግረናል። በዚያ ምን አበባ እንደ ነበረ ወንጌላዊው አልጻፈም። ማርያም መግደላዊትም ዓይንዋ በእንባ ተሞልቶ ሳለ የተነሣውን ጌታ አትክልተኛው መሰላት። እርሱ መሆኑን ያወቀችው የአትክልቱን ውበት ተመልክታ ሳይሆን፥ በስምዋ በጠራት ጊዜ ነው። እኔም ባለቤቴን በስምዋ የሚጠራትን ድምፅ እጠብቃለሁ፤ እስከዚያ ድረስም መደብዋን ውኃ አጠጣለሁ።

በመስቀል ዋዜማ ያችን አሮጊት ጎረቤታችንን ለማመስገን ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ከዚህ በፊት ወደ ጓሮአቸው ገብቼ አላውቅም ነበር። በዚያም ከእንሰቱ ሥር ያው ቀይ ዳሊያ ቆሞ አየሁ፤ መልኩን ልስተው አልችልም። «ከየት አገኙት፥ እማማ?» አልኋቸው። «ከማን ይመስልሃል?» አሉኝና ዝም አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴ ከሥሩ ቆርሳ ሰጥታቸው ኖሯል። ለሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም እንደ ሰጠች ነገሩኝ፤ እኔ በዚያው ቤት እየኖርሁ አላወቅሁም።

በእኛ መደብ ውስጥ መቆፈሪያዬ ሦስት ጊዜ ያረፈበት ስፍራ ባዶ ነው፤ የተቆረጠው ሥር በዚያ በስብሶ ቀረ። እማማ ግንዱ ሲደርቅ ከእርሳቸው ሥር ቆርሰው ሊሰጡኝ ተስፋ ሰጥተውኛል። ስፍራው እንዳይጠፋብኝ እንጨት ተክዬበታለሁ።