እምነትና ድፍረት በበረዶ መንገድ ላይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ዘወትር ከምንሰማቸው ቃላት አንዱ «እምነት ካለህ አትፍራ» የሚለው ነው። ቃሉ መልካም ነው። ይሁንና መልካም ቃል ያለ ቦታው ሲነገር ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል ባለፈው ክረምት በራሳችን ደርሶ አይተናል። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ልናነሣ ወደድን። ይኸውም፦ ሰው አደጋ ወዳለበት ነገር ሲገባ የገባው በእምነት ነው ወይስ በድፍረት? ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ መስለው ሳለ በምን ይለያሉ? የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ሃያ ያህል ሆነን ወደ አንድ የገጠር ደብር ሄደን ነበር። ጧት ስንሻገረው ቁርጭምጭሚት እንኳ ያልደረሰ ወንዝ፣ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ከላይ አገር በጣለው ዝናብ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ጠበቀን። ከዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ልጆቼ፣ ጥቂት ታገሡ፤ ደራሽ ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጎድላል» አሉን። ከመካከላችን አንዱ ግን «ለሐዋርያት በዓል መጥተን ወንዝ ይወስደናል እንዴ?» አለ። ከዚህ በኋላ «እንቆይ» የሚል አልተገኘም፤ እምነት የጎደለው መስሎ እንዳይታይ እያንዳንዱ ፈራ። እጅ ለእጅ ተያይዘን እየዘመርን ገባን። መካከል ላይ ስንደርስ ከሁላችን የሚያንሰውን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ውኃው እግሩን ነጠቀውና ከእጃችን አመለጠ። ሽማግሌውና ጎረቤታቸው ወደ ታች ሮጠው በዱላ ባይደርሱለት ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ዓይን ባልኖረን ነበር። ልጁ ክንዱ ተሰብሮ ዳነ። ማታ እናቱን «እግዚአብሔር አተረፈልን» አልናቸው። እውነት ነው፤ አተረፈልን። ነገር ግን ሽማግሌው ታገሡ ብለውን እንደ ነበር አልነገርናቸውም።

ከዚያ ወዲህ ከጉባኤ በኋላ ስንከራከር ሰነበትን። ግማሾቻችን «ልጁ የዳነው በእምነታችን ነው» ሲሉ፣ ግማሾቻችን «ልጁ የወደቀው በእኛ ትዕቢት ነው» አሉ። ክርክሩ አልቋጭ ቢል ጂኦግራፊ የሚያጠና አንድ ወንድማችን «ይህን ጥያቄ በየዓመቱ በእግራቸው የሚመልሱ ሰዎች አሉ» ብሎ ስለ አንድ ደሴት ኑሮ አወራን። ያወራንንም መሠረት አድርገን ያገኘነውን ሁሉ አነበብን።

ደሴቲቱ ማደሊን ትባላለች። የምትገኘው በሰሜን አሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት ጫፍ፣ በሱፔሪየር ሐይቅ ውስጥ ነው። ሐይቁ ስፋቱ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የእኛን ጣና ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጣል። በዚያ አካባቢ 22 ደሴቶች አሉ፤ ቁጥራቸው ዐሥራ ሁለት ባይሆንም የሐዋርያት ደሴቶች ተብለው ይጠራሉ። ከእነዚህ መካከል ዓመቱን ሙሉ ሕዝብ የሚኖርባት ማደሊን ብቻ ናት። ነጮች ከመምጣታቸው አስቀድሞ የኦጂብዌ ሕዝብ መኖሪያ ነበረች፤ ዛሬም በእነርሱ ዘንድ የተከበረች ናት። በበጋ ጎብኚ ይበዛባታል። በብርዱ ወራት ግን ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ ይቀሩባታል። ከእነርሱ ማዶ፣ በአራት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ቤይፊልድ የተባለች ከተማ አለች።

እዚህ ላይ ቃላችንን እናስተካክል። እኛ በረዶ ስንል ከሰማይ ወርዶ፣ ማሳ መትቶ፣ ሰዓት ሳይሞላው የሚቀልጠውን ነው። የእነርሱ በረዶ ግን ሐይቁ ራሱ ነው፤ ከላይ ረግቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ለሳምንታት ይቆያል። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የዝናብ ጊዜ ሲሆን የእነርሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘልቅ የብርድ ጊዜ ነው።

የደሴቲቱ ሰዎች ወደ ማዶ የሚሻገሩት እንደ ወቅቱ ነው። ሐይቁ ክፍት ሲሆን መኪና ጭምር በሚጭን ትልቅ የመሻገሪያ ጀልባ ይሄዳሉ። በረዶው በሚገባ ሲወፍር ደግሞ በሐይቁ ላይ መንገድ ይጠረግና በገዛ መኪናቸው እየነዱ ይሻገራሉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሌላ ጊዜ አለ፤ በረዶው ለጀልባ ወፍራም፣ ለመኪና ስስ የሚሆንበት። በዚህ ጊዜ ከኋላዋ እንደ አውሮፕላን ያለ ማራገቢያ የተገጠመላት ጠፍጣፋ ተንሸራታች ታሻግራቸዋለች፤ በረዶው ቢሰበር እንኳ ትንሳፈፋለች። በደሴቲቱ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ለትንንሾቹ ስለሆነ ከፍ ያለ ክፍል የደረሱ ልጆች በየማለዳው ወደ ቤይፊልድ የሚሄዱት በዚህችው ነው። ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ እርሷም ትቀራለች፤ ያን ጊዜ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ እቤት ሆኖ መጠበቅ።

እንግዲህ ይህን ሰምተን መጀመሪያ የጠየቅነው «ሰዎቹ በረዶውን እንዴት አምነው መኪና ይነዱበታል?» ብለን ነበር። መልሱ የጥያቄያችን ቁልፍ ሆኖ አገኘነው። ያምኑታል፤ ግን አስቀድመው ይለኩታል። በረዶውን በመሰርሰሪያ በስተው ውፍረቱን ያያሉ። በዚያ ሰሜናዊ አገር የተለመደው መመሪያ ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ለትንሽ መኪና ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ይጠይቃል። ነጭ ሆኖ አመዳይ የተቀላቀለበት በረዶ ግን ጉልበቱ ግማሽ ያህል ስለሆነ እጥፍ ውፍረት ያስፈልገዋል። ከላይ ሲታይ ሁሉም ሜዳ ነው። ከታች ግን የውኃ ፍሰት ባለበት ስፍራ በረዶው ይሳሳል፤ ይህንም ዓይን አያየውም። እምነትና ድፍረትም እንዲሁ ናቸው ብለን አሰብን፤ ከላይ አንድ ሜዳ ይመስላሉ፣ ልዩነታቸው ከሥር ነው።

መንገዱ ከተለካ በኋላ ምልክት ይደረግለታል። ምልክቱም የሚያስገርም ነው። ለልደት በዓል በየቤቱ አጊጠው የቆሙት የጥድ ዛፎች በዓሉ ሲያልፍ አይጣሉም፤ ወደ ሐይቁ ተወስደው በበረዶው ላይ በመንገዱ ዳርና ዳር ይተከላሉ። ጭጋግና ዐውሎ ሲመጣ ሾፌሩ ከዛፍ ወደ ዛፍ እያየ ይሄዳል። ስለዚህ በማታ የሚሻገር ሰው ያመነው በረዶውን ብቻ አይደለም፤ በብርድ ቆሞ የለካለትንና ዛፍ የተከለለትን ጎረቤቱንም ጭምር ነው።

ከዚህ በመነሣት እምነትን ከድፍረት የሚለዩ ሦስት ነገሮች አስተዋልን።

አንደኛው፣ እምነት ካወቀው ሰው ይሰማል። በማደሊን የኖረ ሰው ሁሉ «አባቴ በዚህ ቀን ይሻገር ነበር» ብሎ ብቻ አይገባም። ዓመታቱ አንድ አይደሉምና። እ.ኤ.አ. በ2014 የብርድ ወራት ከሱፔሪየር ሐይቅ ከመቶ 90 እጅ በላይ በረዶ ለብሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የብርድ ወራት ግን ሐይቁ የያዘው በረዶ እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይለካል። እኛም ጧት የተሻገርነው ወንዝ ከሰዓት በኋላ ያው ወንዝ አልነበረም። የጧቱን መሻገር ለከሰዓቱ ዋስትና አደረግነው። ወንዙን ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ሽማግሌ ሲናገሩም፣ ምናልባት እግዚአብሔር በእርሳቸው አፍ እየጠበቀን ይሆናል ብለን አላሰብንም።

ሁለተኛው፣ እምነት ከኋላ ያለውን ያስባል። በበረዶ መንገድ ላይ መኪና ቀስ ብሎ እንዲሄድ ይታዘዛል። ምክንያቱም የመኪናው ክብደት ከበረዶው በታች ባለው ውኃ ላይ ማዕበል ያስነሣል፤ ሾፌሩ ሲፈጥን ማዕበሉ እየጎላ በረዶውን ይሰነጥቀዋል። ፈጣኑ ሾፌር ራሱ አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ ስንጥቁን የሚያገኘው ግን ከኋላው የሚመጣው ነው። እኛስ? ረዣዥሞቹና ጠንካሮቹ በደኅና ተሻገርን። የእኛን ድፍረት ዋጋ የከፈለው ክንዱ የተሰበረው ትንሹ ወንድማችን ነው። እምነት የራሱን ነፍስ ለወንድሙ ይሰጣል፤ ድፍረት ግን በወንድሙ ነፍስ ይመሰክራል።

ሦስተኛው፣ እምነት መጠበቅን አያፍርበትም። በደሴቲቱ ጀልባው ቆሞ መንገዱ ገና ሳይከፈት ቤቱ የሚቀመጥ ሰውን ፈሪ የሚለው የለም። በረዶው እንደሚጸና ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ይጠብቃል። ይህ ለእኛ ለወጣቶች ከባድ ነው። ነገር ሁሉ ዛሬ እንዲሆን እንሻለን፤ መዘግየት ሽንፈት ይመስለናል። ነገር ግን በወንዙ ዳር ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ብንዘምር ኖሮ መዝሙራችን ምን ይጎድልበት ነበር?

እዚህ ላይ ከመካከላችን የተነሣውን ተቃውሞ መደበቅ አይገባንም። «ጴጥሮስ ከታንኳ ወርዶ በባሕር ላይ ሲሄድ ውኃውን ለክቷልን? በቅዱሳን ገድልስ ውኃ እንደ ምድር የጸናላቸው የሉምን? ሁሉ ከተለካ የእምነት ቦታው የት ነው?» ተባለ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

መልሳችን ይህ ነው። ጴጥሮስ ከታንኳው የወረደው በራሱ ፈቃድ አልነበረም፤ አስቀድሞ ጌታውን ጠየቀ፣ ና ሲባልም ወረደ። ደግሞም ብቻውን ወረደ እንጂ ሌሎቹን ደቀ መዛሙርት እየጎተተ አላወረደም። ጌታችንም ራሱ ከቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ሆኖ ራስህን ወደ ታች ወርውር በተባለ ጊዜ አልወረወረም፤ እንዲህ ያለውን ነገር እግዚአብሔርን መፈታተን አለው። እኛን በዚያ ወንዝ ማን ጠራን? የጠራን የለም። የገፋን ግን አለ፤ እርስ በርሳችን መተፋፈራችን።

የእምነትን ቦታ በተመለከተም፣ መለካት እምነትን አይሽርም። መመሪያውን የሚያወጡት ሰዎች ራሳቸው «ፍጹም አስተማማኝ በረዶ የለም» ይላሉ። የቱንም ያህል ቢለካ እያንዳንዱ እርምጃ አይለካም። ፍጹም ዋስትና የሚፈልግ ሰው ከደሴቱ ፈጽሞ አይወጣም፤ ልጁ አይማርም፣ በሽተኛው ሐኪም አያገኝም። ስለዚህ አንድ ቀን ለክቶ፣ ሰምቶ፣ ጸልዮ እግርን ማንሣት ግድ ነው። እምነት የሚጀምረው መለካት ካበቃበት ነው። ድፍረት ግን መለካት ሳይጀመር ይነሣል፤ ከዚያም በእምነት ስም ይጠራል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንድ ነገር ቀረን። ዛፍ ስለ መትከል ስናወራ እኛ ያልተከልነው ምልክት ትዝ አለን። ለሚቀጥለው ዓመት ተጓዦች ወንዙ ከሰዓት በኋላ እንደሚሞላና የዚያን አገር ሰዎች መስማት እንደሚገባ ማን ይነግራቸዋል? ያልተናገርነው ስሕተታችን ከበረዶ ሥር እንደሚሄድ ውኃ ነው፤ የሚወድቅበት ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህም ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰባት ሆነን ወደ ልጁ እናት ቤት ሄድን። ሽማግሌው ታገሡ እንዳሉን፣ እኛም እንዳልሰማናቸው ነገርናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅናቸው። እናታችን ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ በዚያው ሌሊት ነግሮኛል። እስከ ዛሬ የምጠብቀው እናንተን ነበር» አሉን። ከዚያም ቡና አፈሉልን። ልጁም ከፋሻ በወጣ ክንዱ ቁርሱን አዞረልን።

ወንድሞችና እህቶች፣ «አትፍራ» ማለትን አንተው። ነገር ግን ለወንድማችን «አትፍራ» ከማለታችን በፊት በረዶውን ለክተንለት እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። ካልለካን አብረነው ዳር ላይ እንቀመጥ፤ ወንዙ እስኪጎድል የሚዘመር መዝሙር አናጣም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።